መርማሪዋና የሚቆራረጠው ድምፅ

ሰፈርተኛው «መርማሪዋ» ይላታል። ዳቦ ቤት ተራውን የለቀቀላትን ሰው እንኳ «ምን አስቦ ነው?» እያለች ቤቷ የምትደርስ ሴት ናት። ሥራዋ የሰው ወሬ መስማት ነው፤ ከሳሎኗ ሆና፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ለአንድ የጭነት ድርጅት የደንበኞችን ስልክ ትቀበላለች። እኔም ልጠይቃት ስሄድ የምንጫወተው በጥሪና በጥሪ መሃል ነው።

ባለፈው ወር ድምጿ ይቆራረጥ ጀመር። ደንበኛው «ሄሎ? ሄሎ?» ይላል፣ እሷ ትጮኻለች። አለቃዋ ቁርጡን ነገረቻት፤ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ማን እንደሆነች አውቄያታለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። ጓሮ ክፍል የምትኖረውን የባሏን ታናሽ እህት ማለቷ ነው። «ቀኑን ሙሉ ፊልም! ዋይፋዬን ጥርግ አድርጋ በላችው።»

የይለፍ ቃሉን ቀየረች። «ለእህቱ ያቀብላል» ብላ ለባሏም አልነገረችው። መቆራረጡ ግን ያው ነው። ሐሙስ ዕለት እህትየዋን አፋጠጠቻት።

«አንቺ፣ በየት በኩል ነው የምትገቢው?»

«አንቺን ይንሳኝ እትዬ! ከቀየርሽው ወዲህ ስልኬ ድንጋይ ሆኗል። ካላመንሽኝ የሞደሙን ማስተካከያ በስልክሽ ክፈቺውና አብረን እንየው።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሞደሙ «ማን ይቅደም» የሚባልበት ገጽ አለው፤ መስመሩ ሲጨናነቅ አንደኛ የተባለው ይጠግባል፣ ሌላው የተረፈውን ይቃመሳል። አንደኛ የተቀመጠው ካሜራ ነበር። መርማሪዋ ባለፈው ወር ጓሮ አሰቅላ፣ ምስሉ እንዳይቋረጥባት በገዛ እጇ ያስቀደመችው፣ የይለፍ ቃሉን ስትቀይር እንኳ ከሁሉ በፊት ያገናኘችው። ቀን ከሌት ቪዲዮ ሲልክ የእሷ ጥሪ ወረፋ ይጠብቃል።

እህትየዋ በመርማሪዋ ስልክ የሚታየውን የካሜራውን ምስል ትክ ብላ አየችው። «እትዬ… ይሄ የኔ በር አይደል እንዴ?»

መርማሪዋ አንገቷን ደፍታ ጥሪውን አንደኛ፣ ካሜራውን መጨረሻ አደረገች። ዓርብ አለቃዋ ስትደውል ድምጿ ኩልል ብሎ ተሰማ፤ እንጀራዋ ተረፈ።

እህትየዋ በማግስቱ በሯ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች። ቀና ብላም ሰላም አትላትም።

«አየሽልኝ?» አለችኝ መርማሪዋ ወደ ጓሮ በአገጯ እየጠቆመች። «የምትደብቀው ነገር ባይኖራት…»

«ኧረ በፈጠረሽ ተያት!»

ልትመልስልኝ አፏን ስትከፍት ስልኩ ጠራ።