ደጃፍ ላይ የጨፈሩት

በስደት በምኖርበት ከተማ ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስናሽግ አምስት ዓመት አጠገቤ የቆመችው ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ በዕድሜ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። መንጃ ፈቃድ ስላልነበረኝ ጠዋት ጠዋት ከምኖርበት ከያራቪል በመኪናዋ የምትወስደኝ እሷ ነበረች። ምሳዋንም ሳታካፍለኝ አትበላም። እኔም እወዳታለሁ፤ ችግሩ አፌ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ብሬክ ላይ የቅድመ አያቷን ታሪክ አጫወተችኝ። ስፔን አገራቸውን በሚገዛበት ዘመን ነጻነት የሚሹ ሰዎች የምስጢር ማኅበር አቋቁመው ነበር። ቅድመ አያቷ ወደ ማኅበሩ ሲገባ ክንዱን በጥቶ በገዛ ደሙ ፈረመ። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ በኩራት በርቷል። እኔ ግን ጸጉሬ ቆመ። በኛ በጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን የደም ውል ከተባለ የሰይጣን ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ሲባል ነው ሰምቼ ያደግሁት።

«ይሄማ ዝም አይባልም» ብዬ እጇን ያዝኩ። «ነይ እንጸልይና ቃል ኪዳኑ ይሰበር። ልጆችሽንም እንዳይዛቸው።»

እጇን ቀስ አድርጋ አስለቀቀችኝ። «ለአገሩ የፈሰሰ ደም ነው» አለችና የምሳ ዕቃዋን ከደነች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በማግስቱ እንደ ወትሮዋ መጥታ ወሰደችኝ። ምሳዋን ግን መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን መብላት ጀመረች። በየዓመቱ የነጻነት በዓላቸው ሲደርስ ቤቷ ትጠራኝ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሳምንት ሲቀረው እንኳ አልጠራችኝም። እዚህ አገር ከሷ ሌላ ጓደኛ አላበጀሁም።

ትደግፈኛለች ብዬ ኮሊንግዉድ ሰፈር ፎቅ ላይ ለምትኖረው እናቴ ነገርኳት።

«የት ነበር የሚሰበሰቡት?» አለችኝ።

«ጓዳ ውስጥ ነው አሉ። የስፔን ወታደሮች ግብዣ እንዲመስላቸው የማኅበርተኞቹ ሚስቶች ሳሎን ይጨፍሩ ነበር።»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔም ጨፍሬያለሁ» አለች።

በሠርጌ ቀን እንኳ ትከሻዋን ያላነቃነቀች ሴት!

«በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ሲዘጋ፣ ጓዳችን ውስጥ ተደብቀን ነበር የምንጸልየው። አብዮት ጠባቂዎች ወደ ግቢያችን ሲጠጉ እኔ ሳሎን ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ እስክስታ እወርዳለሁ። የልጅ ልደት ነው እንላቸዋለን። አባትሽ ጓዳ ተንበርክኮ ነበር፤ እኔ ዓይኔን ከበሩ ሳልነቅል ነው የጨፈርኩት። ሂጂና ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቂልኝ።»

በማግስቱ መኪና ውስጥ የእናቴን ነገር አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። «ያላወቅሁትን ነው የገሠጽኩት፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። መኪናዋን ዳር ይዛ አቆመች። ዓይኗን ጠረገችና፣ «ቅዳሜ እናትሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ።

ቅዳሜ ቤቷ በበዓሉ እንግዶች ጢም ብሎ ነበር። ሴቶቹ ለጭፈራ ሲነሱ ጓደኛዬ ጎንበስ ብላ ለእናቴ እጇን ዘረጋች። እናቴ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ምርኩዟን አቀበለችኝና ተነሳች። ትከሻዋ ከመቼው እንደተፍታታ እንጃ። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። እሷ ግን እየጨፈረች ደጋግማ ዞር እያለች በሩን ታያለች።

ጓደኛዬ ይህን አየች። ከመሃል ወጥታ ሄደችና በሩ ላይ ቆመችላት።