ፕሮሰስ ላይ ናት

አንድ ቤት መቀመጥ አልችልበትም። ባሌ ካረፈ ወዲህ ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆ ዓለም ጤና፣ ሲያሰኘኝም እስከ አቦምሳ፣ ዘመድ ካለበት ሁሉ እዞራለሁ። ቅያሬ ቀሚሴን በፌስታል ይዤ ስመጣ ሁሉም ደስ ብሎት ይቀበለኛል፤ ሳላሰለች ስለምሄድ ይሆናል። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። የእንግሊዝኛ ቃል ግን ማንም ሳያስተምረኝ ከሰው አፍ እለቅማለሁ። ቻርጅ፣ ኔትወርክ፣ ፎርም። አብዛኞቹ ምንም ሳያደርጉኝ ገቡ። አንዱ ብቻ ነው ዋጋ ያስከፈለኝ።

አዳማ ስሆን የማርፈው የልጄ ልጅ ጋ ነው። አባቷ ዓለም ጤና ሽንኩርት ያለማል፤ እሷ አዳማ ልብስ ሱቅ ተቀጥራ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። እስከ ሰባት ዓመቷ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ካቻምና ከፋሲካ በኋላ ስሄድ፣ ሥራ በማትገባበት ቀን ጠዋት ወረቀት የሞላበት የላስቲክ ማኅደር ይዛ ስትወጣ አየሁ። የት ነው ብዬ ጠየቅኳት።

«ፕሮሰስ ላይ ነኝ እኮ፣ እማማ» አለችኝ ጫማዋን እያሰረች። «ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።»

የምን ፕሮሰስ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ቃሉን የማውቀው መስሎኝ ነበር። የወንድሜ ልጅ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይሠራል፤ ኮንቴይነሩ ለምን አልወጣም ብለው በስልክ ሲጨቀጭቁት «ገና ፕሮሰስ ላይ ነው» ይላል። የአዳማዋ አከራይም ቀበሌ ስለከረመው መታወቂያዋ የምትለው ይህንኑ ነው። እኔም ከዚያ ተነስቼ ትርጉም አበጀሁለት፦ ወረቀቱ ቢሮ ገብቷል፣ ባለቤቱ በተስፋ ይጠብቃል። ደግ ቃል መሰለኝ። ልጅቷ የተሻለ ሥራ ልታገኝ ነው ብዬ ብቻዬን ደስ አለኝ።

ወር ሳይሞላ ዓለም ጤና ልጄ ጋ ወረድኩ። ሽንኩርት የሚለቀምበት ሰሞን ነበር። ሴቶቹ ጥላ ሥር ተደርድረው ተቀምጠው የሽንኩርቱን ጭራ በቢላ ይቆርጣሉ፤ ልጄ የሞላውን ማዳበሪያ አፉን ይሰፋል። ልጅቷ እንዴት እንደሆነች፣ አሁንም ሱቋ ውስጥ እንደሆነች ጠየቀኝ። እኔም ሴቶቹ እንዲሰሙ፣ እሱም በሰው ፊት ደስ እንዲለው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«ፕሮሰስ ላይ ናት» አልኩት።

ቢላዎቹ ቆሙ። ከሴቶቹ አንዷ ወደኔ ዞር ብላ፣ «ሃርሜ፣ እናቴ፣ የት ነው? ዱባይ ነው ቤይሩት?» አለች።

«ኧረ አዳማ ነው ያለችው» አልኩ። ሳቁ። ልጄ አልሳቀም። መርፌውን ማዳበሪያው ላይ እንደሰካው ተነሳና ክንዴን ይዞ ወደ ቦዩ ዳር ወሰደኝ።

ያኔ ነው ያስረዳኝ። የዕቃ ሲሆን፣ የመታወቂያ ሲሆን፣ የምን ፕሮሰስ ተብሎ ይጠየቃል። የልጃገረድ ሲሆን ማንም አይጠይቅም፤ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው ማለት ነው። ደግሞም አይወራም። አውሮፕላኑ ላይ እስክትወጣ የሰው ዓይን፣ የሰው አፍ እንዳያሰናክላት ከቤት ሰው አያልፍም። እኔ በሽንኩርት ለቃሚ ፊት ጮኼ ነገርኩት።

እኛ ቤት ይህ ነገር ሌላም አለው። የመጨረሻዋ ልጄ ሄዳ ነበር። በሷ ጊዜ ይህ ቃል አልነበረም፤ «ጉዳይ ይዛለች» ነበር የምንለው። ሁለት ዓመት ደወለች። ከዚያ ስልኩ መጥራት ተወ። ትኑር አትኑር እስከ ዛሬ አላውቅም። ይኸው ወንድሟ ነው ኤርፖርት ያደረሳት። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ቤት ማንም አይሄድም ብሏል።

በማግስቱ ተያይዘን አዳማ መጣን። ልጅቷ እኔን ከኋላው ስታይ ገባት። ማኅደሩን ራሷ አምጥታ ሰጠችው። ፓስፖርቷን አወጣና ለኔ ዘረጋልኝ።

«እርስዎ ጋ ይቀመጥ» አለኝ። «የት እንዳሉ ስለማይታወቅ ከእርስዎ የተሻለ ቦታ የለውም።»

እሱ ከወጣ በኋላ አላለቀሰችም። «ለእርስዎ ብቻ ነበር የነገርኩዎት» አለችኝ። አፍ ከፈታች ጀምሮ ለሷ «አንቺ» ነበርኩ።

የቃሉን ትርጉም አላውቅም ነበር አልኳት። እውነቴን ነው። ግን ራስዋን በሻሽ ሸፍና የተነሳችውን ፎቶ አይቻለሁ። ደም ተቀድታ ክንዷ ላይ ጥጥ ተለጥፎ ስትመጣ አይቻለሁ፤ ያችኛዋም ልጄ በዚያው ክንዷ ላይ እንዲያው ያለ ጥጥ ነበራት። ከስልኳ ላይ ዓረብኛ ስትለማመድ አጠገቧ ተኝቼ ሰምቻለሁ። ይህን ሁሉ እያየሁ እንዴት አልገባኝም? ወይስ ገብቶኝ ኖሮ ነው አባቷ ጆሮ የጣልኩት? እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ።

ፓስፖርቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ አቦምሳ ሄድኩ። እንደ ልማዴ መዞር ነበር፤ ግን የሄድኩበት ሁሉ ፌስታሌን ከዓይኔ አላርቅም። እየፈታሁ ፎቶዋን አያለሁ። ስንት ቢሮ የዞረው ወረቀት አሁን ያለው እኔ ጋ ነው። ያዘገየሁትም እኔ ነኝ። ቤተሰብ ቢከለክላቸው ያለ ወረቀት በባሕር የሄዱትን ሴቶች ወሬ ስሰማ ደግሞ ሌሊት ተነስቼ ፌስታሉን እዳብሳለሁ። ክረምቱ ሲገባ ለልጄ ሳልነግረው ወደ አዳማ ተሳፈርኩ።

ከሱቅ ስትመለስ ፓስፖርቱን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። አባትሽ አያውቅም አልኳት። ገለጥ አድርጋ አየችው። የሕክምና ምርመራው ጊዜ ስላለፈበት እንደገና መጀመር እንዳለባት ነገረችኝ፤ የምትናገረው ስለ ሌላ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ዘጋችውና መልሳ እጄ ላይ አደረገችው።

«እርስዎ ጋ ይቀመጥ» አለች። «ሲደርስ እወስደዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ማኅደሩን ይዛ ወጣች። የት ነው አላልኩም። ከሰዓት ላይ ልጄ ደወለ። አዳማ እንዳለሁ ሰምቷል። ምን እያደረገች ነው ብሎ ጠየቀኝ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር፤ አሁን ትርጉሙንም፣ የት እንደማይነገርም አውቀዋለሁ።

«ሱቅ ናት» አልኩት።

ፌስታሌን በእግሬ ወደ አልጋው ሥር ገፋሁትና፣ እዚያ ዘነበ ወይ፣ ሽንኩርቱን ውሃ አልበላውም ወይ ብዬ ሌላ ወሬ አመጣሁ።