መርፌው የተነሳበት ቦታ

የግራሞፎኑ ሸክላ መዞር ሲጀምር ሱሺላ የሻይ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። የምትዘፍነው ራሷ ነበረች፤ ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት።

በህንዷ ባናራስ ከተማ፣ በዚህ ሰፈር፣ የሚያውቋት የሟች መምህር ሚስት፣ እንደ መበለት ነጭ የምትለብስ ጸሎተኛ አድርገው ነው። ባሏ ሲያገባት አስቀድሞ ያስጣላት ስሟን ነበር። ናጊና ባይ የምትባል፣ ወንዶች ከፍለው የሚያዳምጧት የሰገነት ዘፋኝ አንድ መምህር አግብታ እንደጠፋች ግን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ዛሬ ድዋርካናት የሚባል ሰው ከሚስቱ ጋር የሱሺላን ልጅ ማልቲን ለወንድ ልጁ ሊያጭ ሲመጣ፣ ግራሞፎንና ይህን ሸክላ ይዞ መጣ።

"አንተ ሰውዬ፣" አለች ሚስቱ፣ "ምራት ልታይ ነው የመጣኸው ወይስ ሸክላ ልታሰማ?"

"ስሚ ዝም ብለሽ! ካሮጌ ዕቃ ተራ ነው ያገኘሁት። ስም ያለበት ወረቀት ባይላጥ የማን እንደሆነ ባወቅን።"

"የማን ይሆናል? የአንዷ የሰገነት ሴት ነዋ!"

"ይሁን። እሷን ቤቴ አላስገባም፣ ድምጿን ግን ከበር አልመልስም።"

ሳቁ። ሱሺላም ሳቀች።

"ይህን ዜማ እኛም ተምረነዋል፣" አለች ማልቲ። "የሙዚቃ መምህራችን አባት የደረሱት ነው አሉ።"

ሱሺላ ከንፈሯን ነከሰች። ዜማው የእናቷ ነበር። ደረሰው የተባለው ሰው ከእናቷ እግር ሥር ተቀምጦ ነው የተማረው።

ያስፈራት ግን መጨረሻው ነው። ያኔ ሸክላ የሚታተመው ጀርመን አገር ስለነበር፣ እዚያ ያሉት ስም እንዳይሳሳቱ ዘፋኟ ስትጨርስ ስሟን ጮክ ብላ ትናገር ነበር። እሷም ተናግራለች፤ በኩራት፣ እየሳቀች። አሁን ሸክላው ውስጥ ያለችው ልጅ ናጊና ባይ ነኝ ካለች፣ መምህር ያገባችው ዘፋኝ ማን እንደሆነች ይገባቸዋል፤ የማልቲ ጋብቻም እዚሁ ምንጣፍ ላይ ይቀራል።

የመጨረሻው ስንኝ ደረሰ። ማሲንቆ የመሰለው ሳራንጊ እንደሚያለቅስ ሰው ተጎተተና ዝም አለ። ሱሺላ ዓይኗን ጨፈነች።

ምንም አልተሰማም።

ማልቲ መርፌውን ከሸክላው ላይ አንስታዋለች። "ሻይዎ ይቀዘቅዛል አባባ፣" አለች።

እንግዶቹ የሠርጉን ቀን ቆርጠው፣ ሸክላውንም ለሙሽራዋ ሰጥተው ሄዱ።

"ታውቂ ነበር?" አለች ሱሺላ።

"ድምፅሽ ይጠፋኛል እማዬ? አባዬ ሳጥን ውስጥ ይህንኑ ሸክላ ደብቆ ነበር። አንቺ ቤተ መቅደስ ስትሄጂ ከትምህርት ቤቱ ግራሞፎን እየተዋሰ ያሰማኝ ነበር። ግን ልክ እዚያ ቦታ ላይ መርፌውን ያነሳዋል። ከዚያ በኋላ ምን አለ ስለው፣ ምንም ይለኛል።" ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። "ምን አለ?"

ሱሺላ አፏን ከፈተች። ሸክላው ላይ የዘፈነችው የሃያ ዓመቷ ልጅ ጉሮሮዋ ውስጥ ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች።

"ምንም፣" አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ የትም ቢሆን ዘፈን ሲያልቅ፣ የጎረቤት ልጅ እንኳ አንጎራጉራ ዝም ስትል፣ ሱሺላ ስም የሚከተል ይመስል ሥራዋን አቁማ ትንፋሿን ትይዛለች።