የኩባያ ጆሮዎች በሰልፍ

የኩባያ ጆሮ ሲሰነጠቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ከላይ፣ ከኩባያው ሆድ ጋር በተለጠፈበት ቦታ ነው። ስንጥቁ መጀመሪያ ፀጉር ያህላል፤ ለማየት ኩባያውን ወደ ብርሃን ማዞር ያስፈልጋል። ከሚዛን ተፈሪ ወጣ ብሎ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ትምህርት ቤታችን እንዲህ እያዞርኩ ያየኋቸውን ኩባያዎች ሳስታውስ ዛሬም ድካሙ ትከሻዬ ላይ ይመጣል።

ሐሳቡ የእኔ ነበር። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር፤ በሰንጠረዥ የማይቃና ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ከተከራየሁበት ግቢ ጀርባ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ይኖራሉ። እማማ እላቸዋለሁ። ጀበናቸውን ከማሻ የሚመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ይወስዱታል፤ ጀበናውን የሚወስድ ሰው ግን ቤታቸው ገብቶ እህል አይቀምስም። የሸክላ ሠሪ ቤት ነዋ። እኔ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት እማማ ሙያቸውን እንዲያስተምሩ ርዕሰ መምህሩን ለመንኩ። እሳቸው አልከለከሉም። አንድ አባት ግን ቢሮ ድረስ መጥተው፣ ልጄን ሸክላ ሠሪ አታድርጉብኝ አሉ። ስለዚህ በሙከራ እንዲጀመር ተባለና ውሳኔው በይደር ቆየ። በወላጆች ቀን እንግዶቹ ተማሪዎቹ በሠሩት ኩባያ ሻይ ይጠጣሉ፤ ካማረ እማማ ይቀጥላሉ፣ ካላማረ ለዚሁ የተሰጠን ክፍል ወደ ዕቃ ማከማቻነቱ ይመለሳል።

እማማ ይህን ሰሙ። በመጀመሪያው ቀን ለበዓል የሚያስቀምጡትን ጫማ አድርገው መጡ።

ሠላሳ ኩባያ ተሠራ። ተማሪዎቹ ሲወጡ ኩባያዎቹን አግዳሚ ላይ የምደረድረው እኔ ነበርኩ። ለመቁጠር እንዲመቸኝ በሦስት ረድፍ አቆምኳቸው፤ ጆሯቸውን ሁሉ ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ልክ እንደ ጠዋት ሰልፍ። በሦስተኛው ቀን ሃያ አንዱ ተሰንጥቆ አገኘሁት።

ሰሌዳ ላይ ምክንያቶቹን ዘረዘርኩ። ጭቃው ውሃ በዝቶበታል፤ ተወቅጦ የሚጨመረው ገል፣ የሸክላ ስባሪው፣ አንሷል፤ ጆሮው የሚለጠፍበት ጭቃ ቀጥኗል። ተማሪዎቹ ገለበጡ። እማማ ከኋላ ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ መስማማት መሰለኝ። ገል ጨመርን። ጆሮው የሚያርፍበትን ቦታ ጫር ጫር አድርገን አጣበቅን። እንደገና ሠላሳ ሠራን፣ እኔም እንደገና ደረደርኩ። አሥራ ዘጠኙ ተሰነጠቀ።

ለወላጆች ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ብቅ ብለው ስንጥቁን በጥፍራቸው ፈተሹና፣ የፕላስቲክ ኩባያ ቢታሰብበት ይሻላል ብለውኝ ወጡ።

ያን ሳምንት በሁለት ፈረቃ ሦስት የትምህርት ዓይነት አስተምር ነበር። ዝናቡ አያባራም፣ ጫማዬ አይደርቅም። ነገሩ እንዳበቃለት ልነግራቸው እማማ ቤት ሄድኩ። ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር ስል ከምድጃው ራቅ ብለው ጥግ ላይ የተቀመጡትን ያልተተኮሱ ጀበናዎች አየሁ። አንዱም በረድፍ አልቆመም። ሆዳቸው ወደ ውጭ፣ ጆሯቸው ወደ ውስጥ ሆኖ ተፋጠዋል፤ ጆሮው ሁሉ በእርጥብ የኮባ ቅጠል ተጠቅልሏል።

«ጆሮውን ለምን ሸፈኑት?» አልኳቸው።

«ጆሮ ቀጭን ነው። ነፋስ በሁሉም በኩል ያገኘዋል። ቀድሞ ይደርቃል፣ ያጥራል። ሆዱ ገና እርጥብ ነው፣ አይከተለውም። ከዚያ ይለያያሉ።»

«የእኔን አደራደር አይተው ነበር?»

«ሁለቱንም ጊዜ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

የሚያሹትን ጭቃ ትተው አዩኝ። «የትምህርት ቤት ሕግ መስሎኝ። ልጆቹንም እንደዚያው አይደል የምታሰልፋቸው? እነሱም ብዙ ሲቆሙ ይደርቁብሃል።» ትንሽ ሳቁ። «ደግሞስ መምህር በልጆች ፊት ይታረማል እንዴ?»

ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልኝና በላሁ። ዓመት ሙሉ ጎረቤታቸው ሆኜ እዚያ ቤት እህል ስቀምስ የመጀመሪያዬ መሆኑን ያኔ ነው ልብ ያልኩት። እሳቸው ግን ከመጀመሪያውም ያውቁት ኖሯል፤ ሳህኑን ሲያቀርቡልኝ እጃቸው ዘገየት ብሎ ነበር።

በልጆቹ ፊት እንዲያርሙኝ ለመንኳቸው። እሺ ለማለት ሁለት ቀን ፈጀባቸው። በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ጆሮ እንዲለጥፍ ሳዘው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ ያ ቸኩሏል» አሉ። ጆሮ የያዘው ልጅ ሳይሆን እኔ ነበርኩ የቸኮልኩት። ሆዱም ጆሮውም እኩል ሲጠነክሩ፣ ጣት የማይሰምጥባቸው ግን ሲነኩ የሚቀዘቅዙ ሲሆኑ ነው የሚለጠፉት። ከዚያ ጆሮው በኮባ ይጠቀለላል፤ ቅጠሉ በየቀኑ ጥቂት ይላላል። ለሦስተኛ ጊዜ ሠላሳ ሠራን፤ አሥር ቀን ሙሉ ጠዋት ከሰልፍ በፊት፣ ማታ ከፈረቃ በኋላ እየገባሁ ሠላሳ ቅጠል አላላሁ፤ ሠላሳ ኩባያ አዞርኩ። አንዳንድ ቀን ቆሜ አንቀላፋ ነበር። ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ቀን ሜዳ ላይ ተኮስናቸው። ሃያ ስድስቱ በደህና ወጡ።

በወላጆች ቀን እኚያ አባት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የስንጥቁን ወሬ ያልሰማ አልነበረም። አባትየውም ኩባያውን ከሆዱ ያዙት፤ ሻዩ ትኩስ ነው፤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራሉ። እማማ በሩ አጠገብ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ቀረብ አሉ።

«በጆሮው ይያዙት። ይችላል።»

ሰውየው እሳቸውን አዩ፣ ኩባያውን አዩ። ጣታቸውን ጆሮው ውስጥ አስገቡ፣ አነሱት፣ ጠጡ። ጥቂት ቆይተው ባዶውን ኩባያ ዘረጉላቸው፤ እማማ ቀዱላቸው።

ርዕሰ መምህሩ ንግግር አላደረጉም። ሲወጡ የክፍሉን ቁልፍ ለእኔ ዘረጉ፤ እኔ በሁለት እጄ ኩባያ ተሸክሜ ስለነበር ለእማማ ሰጧቸው። ጎንበስ ብለው ተቀበሉ።

ኩባያዎቹን አጥቤ በረድፍ አቆምኳቸው። እማማ መጡና ሁለቱን ጆሮ ለጆሮ አዞሯቸው። የተተኮሰ ኩባያ ወዴትም ቢዞር ግድ የለውም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ላስረዳ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ደክሞኝ ነበር፤ የቀሩትንም እንደዚያው አዞርኳቸው።