አስነሺው ሰውዬ

ሰውየው እሁድ እሁድ ወደ ሜዳው ሲመጣ ሁለት ታጣፊ ወንበር ይዞ ነው። አንዱ ላይ ራሱ ይቀመጣል፤ ሌላው ላይ የሴት ሹራብ ያነጥፋል። ጣቶቹ ላይ ሙጫ ደርቋል፤ በሪሞት የምትበረው ትንሿ አውሮፕላኑም ከክንፏ ጥገናዋ ይበልጣል።

ማስነሳቱን ያውቅበታል። ሪሞቱን በአውራ ጣቱ ነካ ሲያደርገው፣ እንደ ንብ እያጉረመረመች ሽቅብ ትመዘዛለች። ከዚያ ባትሪዋ እስኪደክም ትዞራለች፣ ትዞራለች።

አንድ ቀን የሜዳው ዘበኛ አላስችል አለውና፣ «ጋሼ፣ ሳትወድቅ ቢያወርዷት ምናለ? በየሳምንቱ ስብርባሪ ከመልቀም!» አለው።

«እኔ አስነሺ ነኝ፤ ማውረድ የባለቤቴ ነው። አውሮፕላኗ ወደኔ ዞራ ስትመጣ ግራና ቀኙ ይምታታብኛል። እሷ እንደ እንቁላል ነው የምታስቀምጣት።»

«ታዲያ የት አሉ?»

«ቀብሬያታለሁ» አለ፣ ታክሲ አምልጧት ያረፈደች ይመስል ረጋ ብሎ።

የሞተሩ ድምፅ መቆራረጥ ሲጀምር ሪሞቱን ሹራቡ ላይ አስቀመጠና እጆቹን አጣጥፎ ጠበቀ። አውሮፕላኗ ሣሩ ላይ በአፍጢሟ ተደፋች።

«ዛሬም አልመጣችም» አለ፣ ሙጫውን ከኪሱ እያወጣ።

ዘበኛው ስብርባሪውን ሊለቅምለት ተነሣ። በሹራቡ ፊት ሲያልፍ፣ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ፣ እትዬ» አለ።