ዝቅ ያለው ትከሻ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ቆጣሪው» እያለ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ግቢ እያንኳኳ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ መንገድ ላይ የቆጣሪ ሳጥን ባየ ቁጥር ሳያስበው ጎንበስ የሚል ሰው ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? ውሻ ነክሶታል፣ ዝናብ መትቶታል፣ «ባለፈው ወር አብዝተህ ጻፍክብን» የሚሉ ባለቤቶች ቁም ስቅሉን አሳይተውታል። እሱ ግን አንድም ቀን ቁጥር ተሳስቶ አያውቅም። ይህን አፉን ሞልቶ ይናገራል፤ ሌላ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ነገር የለውም።

ሚስቱ የሞተችው የዛሬ ስምንት ወር ነው። ሦስት ሳምንት ታመመች፣ ሞተች፣ ተቀበረች። ቆጣሪው ቀብሯ ላይ አላለቀሰም። እንባውን ታግሎ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ አይደለም፤ እንባው ዝም ብሎ አልመጣም። ሰው ሲያቅፈው ታቀፈ፣ ብላ ሲሉት በላ፣ ተኛ ሲሉት ተኛ። ውስጡን ቢዳብስ ሐዘንም ንዴትም አላገኘም። ጥርስ ሊነቅሉለት ማደንዘዣ የወጉት ሰው ድዱን በምላሱ ሲነካው እንደሚሆነው ነበር፤ ቦታው አለ፣ ስሜቱ ግን የለም።

አንዲት ሴት ልጁ ይህን አይታ ዝም አላለችም። ከቀብር መልስ ወጥ ቤት ብቻቸውን ሲሆኑ «አንዲት ዘለላ እንባ እንኳ፣ አባዬ?» አለችው። ደግማ አልጠየቀችውም፤ ነገሩን ግን ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ቤቱን ትጠርጋለች፣ የሳምንቱን ምግብ ሠርታ ትሄዳለች። አባቷ እናቷን ወዷት ያውቅ እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነበር። ካልወደዳትማ ምን ልታደርግ አራት ፎቅ ትወጣለች? እንዲህ እያሰበች ትወጣለች፣ እንዲህ እያሰበች ትወርዳለች።

አንድ ቅዳሜ መጥረጊያዋን እንደያዘች መስኮቱ ሥር ያለውን የእናቷን የስፌት መኪና አየችና «ይሄን ለሰው ልስጠው፤ ቦታ ነው የያዘው» አለች።

«ይቆይ» አለ ቆጣሪው።

«ምን ሊሠራልህ?»

እሱም አያውቅም ነበር። ወደ ታች ሲመለከት የሱሪው ቀኝ እግር ጠርዙ ተተርትሮ ሲረግጠው ሁለት ወር እንደሆነው አየ። «ሱሪዬን ልሰፋበት» አለ።

ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወንበር ሳበችና የምታውቀውን አሳየችው። የምታውቀው ክር ማስገባት ብቻ ነው፤ ክሩ ከላይ ይነሳል፣ በመንጠቆው ይዞራል፣ ወርዶ በመርፌው ዐይን ያልፋል፣ ከዚያ ፔዳሉን በእርጋታ መርገጥ ነው። ቆጣሪው ሱሪውን ቀይሮ መጣ፤ በእርጋታ የሚለውን ግን አልሰማም። መኪናው እየጮኸ ፈረጠጠ፣ ሲቆም ሱሪው ተሰፍቷል፤ የፊቱ ከኋላው ጋር፣ ጥርቅም ብሎ። እግር መግቢያው አለ፣ መውጫው የለም።

ቢሆንም እጁን አልሰጠም። ሥራ ፈት ሆኖ የማያውቅ ሰው ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ ነበርና መኪናውን እንደ መሥሪያ ቤት ያዘው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይቀመጣል፣ ስድስት ሰዓት ይነሳል። የትራስ ልብስ ሰፋ፣ መጋረጃ ዘመዘመ፣ ጣቱን ሁለቴ ወጋው። ልጁም ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዋን ስትጨርስ መውጣቱን ትታ አጠገቡ መቀመጥ ጀመረች። እሱ ይረግጣል፣ እሷ ቁልፍ ትተክላለች። የሚያወሩት ስለ ክር ብቻ ነው። ክር ጥሩ ወሬ ነው፤ ማንንም አያስቀይምም።

የእናትየውን ቅድ ያገኘው ከመኪናው መሳቢያ ነው። በጋዜጣ ላይ የተቆረጠ የሸሚዝ ልክ ነበር፤ ፊት፣ ጀርባ፣ እጅጌ፣ ኮሌታ፣ ተጣጥፎ በክር የታሰረ። ቆጣሪው ደስ አለው ማለት ይከብዳል፤ ለሥራው ግን ተመቸው። ቅድ ማለት ለእሱ እንደ መሥሪያ ቤት ፎርም ነበር፤ አንዱ ለሁሉም ያገለግላል። ሰውየው ወፍራም ከሆነ ጎንና ጎኑ ላይ አራት ጣት መጨመር ነው፣ አለቀ። ሰውን በሜትር ለክቶ ለየራሱ መቁረጥ እንደሚያስፈልግ የነገረው የለም፤ እሱም አልጠየቀ።

ጨርቁን ዘርግቶ፣ ወረቀቱን አስቀምጦ፣ በቁራጭ ሳሙና ዙሪያውን አሰመረና ለልጁ ሰማያዊ ሸሚዝ ሰፋላት። ለበሰችው። ግራው ትከሻ ወረደ። ተረተረና ደግሞ ሰፋው፤ አሁንም ወረደ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲተረትረው ጨርቁ መሳሳት ጀመረ።

«ተወው አባዬ፣ ቤት ውስጥ እለብሰዋለሁ።»

አልተወውም። ለሚስቱ ታናሽ እህት ሌላ ሰፋ። ይህች ሴት ጫማ ትሸጣለች፣ አፏም እንደ ገበያዋ አያርፍም። መስታወት ፊት ቆማ ወዲያ ዞረች፣ ወዲህ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይሄን ለብሼ ፎቶ ቤት ብገባ ፎቶ አንሺው ‹ቀጥ በይ፣ ቀጥ በይ› ሲለኝ ይመሽበታል!»

ልጅቱ ሳቀች። ቆጣሪው ግን አልሳቀም። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ጥፋቱን መፈለግ ያዘ። ወለሉ ያዘነበለ መስሎት ከመኪናው እግር ሥር ካርቶን አደረገ። መርፌውን ቀየረ። ፔዳሉን የምረግጠው በቀኜ አጥብቄ ይሆናል ብሎ ጫማውን አውልቆ ሞከረ። ሁሉንም ጠረጠረ፣ ወረቀቱን ብቻ አልጠረጠረም።

በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ ልጁ አጠገቡ ቁልፍ ስትተክል፣ የጀርባውን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና መሃሉ ላይ አጠፈው። ግራና ቀኙ አልገጠመም። ግራው ትከሻ በሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነው የተቆረጠው።

«አገኘሁት!» አለ፣ እፎይ እንደማለት ብሎ። «እኔ አይደለሁም። እናትሽ ናት የተሳሳተችው። ይኸው፣ አጣማ ቆርጣዋለች።»

ልጅቱ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«እማዬ አልተሳሳተችም።»

«ይኸው እኮ፣ እዪው!»

«አባዬ፣ ይሄ ለራሷ የቆረጠችው ነው። ግራ ትከሻዋ ዝቅ ያለ ነበር።»

«የማን?»

«የእማዬ ነዋ!»

ቆጣሪው ሚስቱን በሐሳቡ አቆማት። ፊቷ መጣለት፣ ድምጿ መጣለት፣ ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ግን ምንም የለም። ቀጥ ያለ ይሁን የተጣመመ፣ ቢገድሉትም አያውቅም።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ። ፓምፕ እስኪገባ ድረስ እዚህ ፎቅ ላይ ውሃ መቼ ይደርስ ነበር? ከግቢው ቧንቧ እየቀዳች ታወጣ ነበር። ጀሪካኑን በግራ እጇ፣ በቀኟ የደረጃውን ብረት ይዛ። ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ከሰዓት ሁለት ጊዜ። ከዚያ አንተ ስትመጣ በርሜሉ ሙሉ ነው።»

«እኔ እኮ የመሰለኝ…»

«ምን መሰለህ? ውሃው ራሱ ደረጃ ወጥቶ የሚመጣ መሰለህ?»

ውሃ ያለ ፓምፕ አራተኛ ፎቅ እንደማይወጣ ከቆጣሪው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የዚህኑ ሕንፃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረው ራሱ ነው። ስለ ግፊት ጠይቁትማ፣ ሰዓት አይበቃውም። ማታ ማታ ግን ከበርሜሉ እየጨለፈ እግሩን ታጥቧል፣ ፊቱን ታጥቧል፣ ማን ሞላው ብሎ አንድ ቀንም አላሰበም።

ልጅቱ ሰበብ ትጠብቅ ነበር። ሥራ ይበዛብኝ ነበር ሊል ነው፣ ደክሞኝ እገባ ነበር ሊል ነው ብላ መልሷን አዘጋጅታለች። እሱ ግን ሰበብ አላቀረበም።

«አላየሁም» አለ። «አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ትከሻዋን አላየሁም። ለምን እንዳላለቀስኩ ጠይቀሽኝ ነበር። ምን ብዬ ላልቅስ? ማንን እንዳጣሁ እኮ አላውቅም።»

ልጅቱ ተነስታ ቦርሳዋን አነሳች፣ በሩ ድረስም ሄደች። ጥላው ብትሄድ ማንም አይፈርድባትም፤ እኔም አልፈርድባትም። እሱ ሂጂም ቅሪም አላላትም።

«ሌላስ ምን አላየሁም?» አለ ከኋላዋ። «አንቺ ታውቂያታለሽ። ንገሪኝ።»

ልጅቱ የያዘችውን በር ለቀቀች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ግን ከጭኗ አላወረደችም።

«በግራ ጎኗ መተኛት አትችልም ነበር» አለች። «ትከሻዋ ያማታል፤ አንተ ደግሞ የምትተኛው በግራዋ በኩል ነው። ለዚህ ነው ዕድሜዋን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታህ የተኛችው። ያኮረፈችህ ነበር የሚመስልህ፣ አይደል?»

«አዎ» አለ ቆጣሪው።

«አላኮረፈችህም።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«አልጠየቅካትማ።»

እነዚያ ሌሊቶች ሁሉ ባንዴ መጡበት። ለጀርባዋ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ትኩረፍ እንግዲህ ብሎ የተኛባቸው። እጁን ዘርግቶ ምን ሆነሻል ቢላት ኖሮ ይበቃ ነበር። ደረቱ ሥር የሆነ ቦታ ላይ አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘው፤ ትንፋሹ እስኪያጥር ድረስ አመመው። ስምንት ወር ሙሉ ሲዳብሰው ያላገኘው ቦታ ነው።

ልጅቱ ፊቱን አይታ ደነገጠች። «ልተወው?» አለችው።

«ቀጥዪ» አላት።