ቁልፍ ሠሪውና የወንድሙ እርግቦች

ቁልፍ ሠሪው በአንድ ነገር ብቻ ይታማል፤ ታናሽ ወንድሙ ሲመሰገን መስማት አይወድም። ሌላ ሌላው ደህና ሰው ነው። ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ የጠፋውን ሲቀርጽ፣ ተሰብሮ የቀረውን ሲያወጣ ይውላል። የሚያጣድፈው ደንበኛ ሲመጣ «ረጋ በል የኔ ጌታ፣ በር የሚከፍተው ቁልፍ እንጂ ችኮላ አይደለም» ይላል።

የሚወደው ግን አሮጌውን ነው። ቤት ሲፈርስ ከሰማ ደርሶ ጓጉንቸሩንና መቀርቀሪያውን ይገዛል። ይፈታታዋል፣ ያጸዳዋል፣ ሆዱን ከፍቶ ፎቶ ያነሳዋል፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ መልሶ ይሸጠዋል። ፎቶዎቹን ሰው እንዲያይለት ድረ ገጽ ለመክፈት ተነሣ። ድረ ገጽም እንደ ሰው ማደሪያ ይፈልጋል፤ ሆስቲንግ የሚሉት ይህ ማደሪያ ደግሞ በኪራይ ነው። ሚስቱ «ለጓጉንቸር ሆድ ቤት አልከራይም» ስላለች ነጻውን ፍለጋ ገባ።

ነጻ የተባለው ሁሉ ነጻ አልነበረም። አንዱ «ክሬዲት ካርድ ካላመጣህ» አለው። አንዱ በየፎቶው ላይ የቦርጭ ማጥፊያ ማስታወቂያ ለጠፈበት። ሌላው ነጻነቱ ለመጀመሪያው ወር ብቻ መሆኑን ጉንዳን በማታነበው ፊደል ታች ጽፎ ነበር። በመጨረሻ አንድ ደህና ሆስቲንግ አገኘ፤ ካርድ አይጠይቅ፣ ማስታወቂያ አይለጥፍ። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱም ሌላ ሰውም ለረጅም ጊዜ ያልከፈተው ገጽ ይሰረዛል። ቁልፍ ሠሪው ይህን ሲያነብ ሳቀ። «ምን ሲሆን ነው የማይከፈተው!» አለና ፎቶዎቹን ሁሉ ጫነ። ስልኩ ሞልቶ ስላስቸገረው ከስልኩ ላይ አጠፋቸው።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ጥሩ ነበር። እሱ ግን እናቱ ቤት ሄዶ ታናሹ ፊት ተኩራራ። ታናሹ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ጣሪያ ላይ እርግብ ያረባል። «ጋሼ፣ እስቲ ለኔም አሳየኝ» አለው። ታላቅ ወንድም ሆኖ እንዴት እምቢ ይበል? አሳየው፤ ታናሹም ለእርግቦቹ ገጽ ከፈተላቸው።

ሆስቲንጉ በየገጹ ግርጌ የጎብኚውን ብዛት ያሳያል። ቁልፍ ሠሪው የወንድሙን ገጽ ከፍቶ አየ። የእርግቦቹ ፎቶ ግማሹ ደብዛዛ ነው፤ የአንዷማ ጭራዋ ብቻ ነው የሚታየው። የጎብኚው ቁጥር ግን የሱን በልጧል። የሆቴል ባልደረቦቹ ከፍተውለት ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሲሞክር እናቱ ጨመረችለት።

«ያንተን ደግሞ ማን ያየዋል ልጄ? እርግብ እኮ ነፍስ አላት።»

ሆዱ እርር ድብን አለ። ከዚያ ወዲያ የራሱን ገጽ መክፈት እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ያቺን ትንሽ ቁጥር ማየት አልፈለገም። የወንድሙን ግን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ያያል፤ ምሳውን እየጎረሰ ያያል፤ መቅረጫው እየዞረ ያያል። ባየ ቁጥር ጨምሯል። «ሰው ዓይን የለውም እንዴ? ለዚች ጭራ ነው የሚጋፋው?» ይልና እንደገና ይከፍታል። እንደገና ጨምሯል። ተንኮል ጠርጥሮ በሚስቱ ስልክ ሞከረ፤ አሁንም ጨመረ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰው ይቺን መፍታት አቃተው። ቅናት ሲይዝ እንዲህ ነው።

አንድ ቀን የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሱቁ መጣ። የአንድ ባለሦስት ምላስ ጓጉንቸር ፎቶ ላሳየው ብሎ ገጹን ሲከፍት «ይህ ገጽ የለም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ማስጠንቀቂያው ለድረ ገጹ ብሎ ባወጣው ኢሜይል ተደርድሮ ነበር፤ እሱ ግን ኢሜይሉን ካወጣው ወዲህ ዞር ብሎም አላየው። ዕቃዎቹ ተሸጠዋል፣ ፎቶዎቹ የሉም። የዓመታት ልፋቱን ውሃ በላው። ከዚያ ቀን ወዲህ የወንድሙንም ገጽ መክፈት ተወ። ሚስቱ ስትሰማ አልራራችለትም።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት አንተ ነህ» አለችው።

በሳምንቱ ታናሹ ፊቱ በርቶ ሱቅ መጣ።

«ጋሼ፣ ጉድ ልንገርህ! የእርግቦቹን ገጽ ልተወው ደርሼ ነበር። ባልደረቦቼ አንድ ሰሞን አይተው ተዉት። ግን አንድ ሰው አለ፤ ሆስቲንጉ ለባለገጹ የሚያሳየው ዝርዝር ከዚሁ ከተማ ነው ይላል። ጠዋት ይገባል፣ በምሳ ሰዓት ይገባል፣ ከሰዓት ይገባል። ከሱ በቀር ማንም የለኝም። እንዲህ እርግብ የሚወድ ሰው አይቼ አላውቅም። ባገኘው ጉልበቱን ነበር የምስመው።»

ቁልፍ ሠሪው መሞረዱን አቆመ። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ያንተስ እንዴት ሆነ?» አለው ታናሹ።

«ተሰረዘ። ሰው ስላልከፈተው።»

ታናሹ አንገቱን ደፋ። «ጥፋቱ የኔም ነው፣ ጋሼ። እማዬ ቤት ካሳየኸኝ ወዲህ አንድ ቀን ከፍቼልህ አላውቅም። ያንተን ፎቶ ካየሁ የኔን እጠላዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ቀናሁብህ።»

ማዘን የነበረበት ሰው ደስ አለው። ነውር ነው፤ ግን ደስ አለው። «ቀናህብኝ?» አለ፣ ደግሞ እንዲነግረው ፈልጎ።

«እንዴት አልቀና!»

ወንበር ሰጠው፤ ሻይም አዘዘለት። «እኔም» የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር፤ ከሻዩ ጋር ዋጣት። ታናሹ ስልኩን አውጥቶ ገጹን አየና ፊቱ ጠቆር አለ።

«ሰውየው ሰሞኑን ጠፍቷል። ምን ነካው? እሱ ከቀረ ለማን ብዬ ነው ፎቶ የማነሳው?»

«ይመጣል። ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለ ቁልፍ ሠሪው።

ቁልፍ ሠሪው ታናሹ ተሰናብቶ ከመንገዱ ማዶ እስኪሰወር ጠበቀ። ከዚያ እጁን ከብናኙ ጠርጎ ስልኩን አነሳና የእርግቦቹን ገጽ ከፈተ።